ጎርፍ ያልቆፈረው ጉድጓድ

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ኖላዊት በዚያ ቀን በአዳራሹ ፊት ቆማ የማስተርስ ጽሑፏን ለፈታኞቿ ስታቀርብ፣ ከኋላ የተቀመጠው ዳልጮ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። አይታዋለች። ግን ለእሷ የተጨነቀ ነው የመሰላት። እንዲያውም ደስ አላት፤ የወደዱት ሰው ስለ ራስ ሲጨነቅ ማየትን የሚጠላ ማን አለ?

ሁለቱን ያገናኛቸው አርባ ምንጭ ላይ የጀመሩት የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ትምህርት ነው። እሷ የጫኖ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ኤርጫፎ ባለ ሙዝ ማሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በዚያ ላይ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። እሱ የደጋ ልጅ ነው፣ ከጨንቻ በኩል። ስለ ቤተሰቡ ሲጠየቅ "እናቴ ትነግዳለች" ይላል። ምን እንደምትነግድ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መስክ ሲወጡ ሜትር የሚይዝላት እሱ ነው። ጂፒኤሱ አልሠራ ብሏት ስትነጫነጭ "ተይው፣ ሳተላይቱም አንቺን እያየ ሥራውን ረስቶ ነው" ብሎ የሚያስቃትም እሱ ነው። የደጋ ብርድ የማትችለው የቆላ ልጅ ጃኬቱን ለብሳ ወረደች፣ ሳትመልስለት ዓመቱ አለቀ፤ እሱም መልሺልኝ አላለም። እንግዲህ ፍቅር ማለት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረን።

ጽሑፏ ስለ ደለል ነው። በየክረምቱ ከደጋው ተረተር የሚወርደው አፈር የጫኖን የመስኖ ቦይ ይደፍናል፣ የቀረው አባያ ሐይቅ ገብቶ ውኃውን ያቀላዋል። ኖላዊት ያ አፈር ከየት እንደሚነሣ ተከትላ፣ ተረተሩ ላይ ያሉትን ቦረቦሮች ሁሉ ለክታ፣ ካርታ ሠርታለች። ካርታውንም ገና ጽሑፉ ሳያልቅ ለአባቷ ማኅበር ሰጥታ፣ ማኅበሩ ሰው አሳምኖ፣ ተረተሩ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ተብሎ ታጥሯል። ዘንድሮ ቦዩ አልተደፈነም። አቶ ኤርጫፎ ከነሙሉ ሱፋቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን አፍ አፍ የሚያዩት ለዚህ ነው።

"ይኼ ከሁሉም ጠልቆ የሚታየው ቦረቦር፣" አሉ አንዱ ፈታኝ ግድግዳው ላይ የበራውን ካርታ እያሳዩ፣ "ከሌሎቹ ለየት ይላል። ምን ፈጠረው?"

"ጎርፍ ነው" አለች ኖላዊት። "ቦታው ድረስ ሄደን አረጋግጠናል።"

ዳልጮ ተነሥቶ ወጣ። እሷ ውጤቷ እጅግ በጣም ጥሩ ተብሎ፣ ጭብጨባው ሲቀልጥ፣ አባቷ ግንባሯን ሲስሟት ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ደስታ የምታካፍለው ሰው ከበሩ ውጭ ስለነበር ደስታው ግማሽ ሆነባት።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አገኘችው። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ቆሟል።

"ምነው ጥለኸኝ ወጣህ? ቀናህ እንዴ?" አለችው እየሳቀች።

"ኖላዊት፣ ያ ቦረቦር አይደለም።"

"የቱ?"

"ጥልቁ። ጎርፍ አይደለም የቆፈረው። እናቴ ናት።"

መጀመሪያ ቀልዱ መሰላት። ከዚያ ዓይኑን አየች።

"እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት" አለ ዳልጮ። ቃሉን ከሆዱ ነቅሎ የሚያወጣው ይመስል ነበር። "እናቷም፣ አያቷም እንደዚያው። የሸክላ አፈር የሚያወጡት ከዚያ ነው። አንቺ ስትለኪ እኔ ሜትሩን ይዤ የቆምኩት እናቴ የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ነው።"

አገሩን የማያውቅ ሰው ታዲያ ሸክላ ሠሪ መሆን ምን አለበት ይል ይሆናል። በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠራ ቤተሰብ ከአራሹ ጋር ይገበያያል፣ ይቃለዳል፣ ዛሬ ዛሬማ አብሮ ይዘምራል። በአንድ ዕቃ ግን አይጠጣም። ልጅ አይሰጠውም፣ ልጅም አይወሰድለትም። ሕጉ ከልክሏል፣ ፓስተሩ ገሥጿል፣ ነገሩ ግን ከሰው ሆድ አልወጣም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማንም የማንንም ዘር አይጠይቅም፤ ዳልጮም ሳይጠየቅ፣ ሳይናገር፣ እንደማንም ሆኖ ኖረ።

ያን ቀን ተረተሩ ላይ ኖላዊት ጉድጓዱን አይታ "ምን ይመስልሃል ዳልጮ?" ብላው ነበር። አሁን ትዝ አላት። የሸክላ አፈር ነው ቢላት እንዴት አወቅህ ትለዋለች። እንዴት አወቅህ ካለችው ደግሞ የቀረው ሁሉ ይከተላል። "ጎርፍ ነው" አላት። እሷም ጎርፍ ብላ መዘገበች። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይነቅዛል እንጂ፤ ውሸት ሲጨመርበትማ ሌላውንም ይዞ ነው የሚነቅዘው።

"ለምን ዳልጮ?"

"ሌላ ሰው ቢሆን ዝም እል ነበር። አንቺን ግን ዋሸሁሽ። እንዳላጣሽ ብዬ" አለ። "መሬቱን ያጥሩታል ብዬ አላሰብኩም። ካጠሩት በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እናቴ እኮ እስካሁን ማን እንዳስዘጋባት አታውቅም።"

ኖላዊት እጁን ያዘች። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ያገኘችው ግን ቁጣ አልነበረም። ይኼ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሆኖ ብቻውን ይፈራ እንደነበር ነው የታያት።

በማግስቱ ወደ ደጋ ወጡ። ሚኒባሱ በጨንቻ ዳገት እያቃሰተ ሲጠማዘዝ ኖላዊት የምትለውን ታዘጋጅ ነበር። "እማማ፣ መሬቱን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አስከፍተዋለሁ" ልትል።

ወይዘሮ ልክነሽ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ጭቃ ያቦኩ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ እንግዳዋን ሲያዩ ፈገግታው ግራ ገባው። "ሳሮ፣ ሳሮ ልጄ" ብለው በአገሩ ሰላምታ ተቀብለዋት፣ በጭቃ እጃቸው ላለመጨበጥ ክርናቸውን ዘረጉላት። ኖላዊት ክርናቸውን ትታ እጃቸውን ያዘች።

ዳገቱ አድክሟት ውኃ ለመነች። ልክነሽ ደነገጡ። "ቆይ፣ ከጎረቤት ብርጭቆ ላስመጣልሽ" አሉ። እሳቸው የሚጠጡበት ቅል ግን እዚያው እንስራው ላይ ነበር። ኖላዊት ቅሉን አንስታ ቀዳችና ጠጣች። ልክነሽ ያንን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ዳልጮም ኖላዊትም አዩ፣ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ሲረጋጉ ጨዋታው መጣ። "መቼም አፈራችንን ዘጉብን" አሉ። "አጥር አጠሩበት፣ ጥበቃም አቆሙበት። እኛ ስንቆፍር የኖርነው አንድ ቦታ ነው፤ ቆፍረን ስንጨርስ የማይሆነንን አፈር መልሰንበት እንሄዳለን፣ ተረተር ንደን አናውቅም። አሁን ከወንዙ ዳር፣ ገደሉ ሥር ገብተን ነው የምናወጣው። እሱም አሸዋ አለበት፣ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል።" እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "የዘጉት ሰዎች እናት የላቸውም ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።"

ያዘጋጀችውን ቃል ሳትናገረው ቀረች። ዳልጮን አየችው። እሱም አያት። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ሊወጡ ሲሉ ልክነሽ ከመደቡ ሥር ትንሽ የሸክላ ዋንጫ አወጡ። በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፅዋን ሰሙና "ደኅና ናት" ብለው ለኖላዊት ሰጧት። "ከድሮው አፈር የቀረችኝ ይቺ ናት። ከእኔ ጋር ጠጥተሻልና ያንቺ ትሁን።"

"ካርታውን ላርመውና መሬቱን ላስከፍተው፤ ያኔ እነግራቸዋለሁ" አለች ኖላዊት መንገድ ላይ።

"እኔም ያኔ እነግራታለሁ" አለ ዳልጮ።

ዋንጫዋን በጃኬቱ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ወረደች። ያልተናገረችው ነገር ከዋንጫዋ ይልቅ ይከብዳት ነበር።

አቶ ኤርጫፎን ያገኘቻቸው ቦዩ ዳር ነው። ባዶ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው የዘንድሮውን ጥራት ያደንቁ ነበር። አብራቸው እህታቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሙዝ ይቆርጣሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ጥቂት ሰዎችም አሉ።

አቶ ኤርጫፎ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይኼ ይታወቅልኝ። አንድ ጊዜ በውኃ ተራ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው ዶማ ሲማዘዙ፣ አንድ ሽማግሌ መጥተው እርጥብ ሣር በመካከላቸው አኖሩ። በጋሞ አገር ሣር ከተቀመጠ በኋላ ጠብ የለም፤ ሣሩን ተሻግሮ እጁን የሚያነሣ ሰው ከሰው አይቆጠርም። አቶ ኤርጫፎ ዶማውን ጣሉ። ጴንጤ ናቸው፣ የድሮ እምነት ነገር አይወዱም፣ "የሣሩ ነገር ግን እምነት ሳይሆን ሰውነት ነው" ይላሉ። ኖላዊት ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከጎረቤታቸው ጋር ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይታለች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። የጉድጓዱንም፣ የዳልጮንም፣ ልታገባው እንደምትፈልግም።

አባቷ እግራቸውን ከውኃው አወጡ። "ካርታው ተፈትኖ አልፏል። አጥሩ እንዳለ ይቆያል። ሌላውን አልሰማሁም።"

"አባዬ፣ ሰምተሃል።"

"አልሰማሁም አልኩሽ።"

"በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን ብለህ የምትሰብከው አንተ አይደለህ?"

"እሰብካለሁ። እሱም ይምጣ፣ አብረን እናመልክ፣ አጠገቤ ይቀመጥ" አሉ። "አብሮ ማምለክ አንድ ነገር ነው፣ መዛመድ ሌላ። ነገ የልጅሽን ልጅ ማን ያገባዋል? የዘመዶቼን ዓይን በምን ዓይኔ አያለሁ? ልጄ፣ አትግደይኝ።"

"እሱ እኮ ሰው ነው አባዬ።"

"ሰው አይደለም ማን አለ?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ይኼ ነው ከሁሉም ያቃጠላት። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላል ያገሬ ሰው። ኖላዊት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአክስቷም ፊት፣ "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም" አለች። አቶ ኤርጫፎ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈልገው፣ ግራና ቀኙን ለይተው ማድረግ አቅቷቸው፣ በእጃቸው ይዘውት ሄዱ። ኖላዊት ልብሷን ሰብስባ ከተማ፣ ጓደኛዋ ሰብለ ዘንድ ገባች። የአባቷን ጀርባ አልረሳችውም፤ በባዶ እግራቸው ሲሄዱ ሽማግሌ መስለው ነበር።

ክረምቱ ገባ። ኖላዊት ካርታውን ልታሳርም ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች። ማስዘጋቱ አንድ ወር አልፈጀም፤ ማስከፈቱ ግን "ኮሚቴው ይሰብሰብ"፣ "ባለሙያው መስክ ነው"፣ "ከዝናቡ በኋላ" ሆነ። ከዳልጮ ጋር በስልክ ይጽናናሉ። ያለ አባቷ ስለ መጋባት፣ ራቅ ያለ አገር ሥራ ስለ ማግኘት ያወራሉ። እናቱን አብረን እንወስዳታለን ትለዋለች። እሱም እሺ ይላታል።

ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ አንድ ጠዋት ስልኳ ጠራ።

"ገደሉ ተናደባት" አለ ዳልጮ። ሰብለ ከጎኗ ሆና "ምን ተፈጠረ?" ስትላት ኖላዊት ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ልክነሽ ከወንዙ ዳር፣ ገደሉ ሥር ገብተው አፈር ሲያወጡ ነው የተናደባቸው። የመንደሩ ሰው በእጁ ቆፍሮ ነው ያወጣቸው።

ቀብሩ ላይ ኖላዊት ከሴቶቹ መሐል ቆመች። ዳልጮ አላለቀሰም። አፈሩ ሲመለስ እያንዳንዱን አካፋ በዓይኑ ይከተል ነበር። ሰው ሲበተን ወደ እሷ መጣ።

"አልነገርኳትም" አላት።

"እኔም አልነገርኳቸውም።"

"አንቺ አታውቂያትም ነበር። ለእኔ ግን እናቴ ናት። ጉድጓዷ ውስጥ ቆሜ የእሷ አይደለም አልኩ።" ድምፁ የደረቀ ነበር። "አልተቀየመችኝም እኮ። ሳታውቅ ነው የሄደችው። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።"

ልታቅፈው እጇን ዘረጋች። ሰው እያየ ነው አላለም፣ አልሸሻትምም። ብቻ እቅፏ ውስጥ እንደ ቆመ እንጨት ሆነ። ኖላዊት የዚያን ጊዜ፣ ሙታን መሐል ቆማ፣ የምታጣው ልክነሽን ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠረች።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ። ስትደውል ያነሣል፣ ደኅና ነኝ ይላል፣ ይዘጋል። አንድ ቅዳሜ ግን አክስቷ ወሰንየለሽ ሰብለ ቤት ድረስ መጡ።

"ያ ልጅ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ልኳል" አሉ። "አንቺም ብትኖሪ ብሏል። አባትሽ እንኳ እሺ አይሉም፣ ልቤ ያውቀዋል። ግን በሰው ደጅ የመጣ ሽማግሌ አይመለስም፣ ይቀበሉታል። ነይ።"

ኖላዊት ልቧ ዘለለ። ሊጠይቃት ነው። በዚያ ሁሉ ኀዘን ውስጥ ሆኖ፣ በአባቷ ደጅ ቆሞ ሊጠይቃት ነው። እምቢ ይበሉ፤ በአደባባይ ከጠየቃት በኋላ እሷ በራሷ እግር ትከተለዋለች። ልብሷን በካርቶን ጠቅልላ፣ ዋንጫዋን መሐሉ አድርጋ ሄደች። ከአባቷ ቤት ቀጥታ ከእሱ ጋር ልትወጣ ነው ያሰበችው። በመንገድ ላይ ባጃጁ ውስጥ ሆና ፈገግ ስትል ራሷን ያዘችው፤ ያ ፈገግታ በኋላ ብዙ ጊዜ ሲያሳፍራት ኖረ።

ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ወንበር ተደርድሯል። አቶ ኤርጫፎ ከስተዋል። ልጃቸው ስትገባ አላዩዋትም፤ ወይም አይተው ዓይናቸውን አሸሹ። እምቢታቸውን አዘጋጅተው እንደተቀመጡ ከአፋቸው አቀማመጥ ታውቃለች።

ዳልጮ መጣ። አብረውት ጋሼ አጵሎስ የሚባሉ የደጋ ሽማግሌና ሌላ አንድ ሰው አሉ። የሦስቱም እጅ ላይ እርጥብ ሣር ነበር። ለጋብቻ ጥያቄ ሣር አይያዝም። አቶ ኤርጫፎ ያንን አይተው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ዳልጮ በሩ ላይ ተንበረከከ። ከዚያ በጉልበቱ እየሄደ መጥቶ ሣሩን በአባትና በልጅ መሐል አኖረ።

"ጋሼ ኤርጫፎ፣" አለ፣ "ልጅዎን ልጠይቅ አልመጣሁም።"

ኖላዊት ጆሮዋን አላመነችም።

"በእኔ የተነሣ ልጅዎ አባት የለኝም ብላለች። እርስዎም ልጅ የለኝም ብለው ዝም ብለዋል። እኔ እናቴን እውነቱን ሳልነግራት ቀብሬአለሁ። ልሰደብ፣ ልለምን፣ ይቅር በይኝ ልል ብመለስ የማናግራት የለችም። ይኼ ነገር በእናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ሣሩን አኑሬአለሁ። ታረቁልኝ።"

"ዳልጮ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አለች ኖላዊት። ድምፅዋ ተቆራረጠ። "ተነሣ። ሣሩን አንሣው።"

"የተቀመጠ ሣር አይነሣም ልጄ" አሉ ጋሼ አጵሎስ በዝግታ። "ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። አባቷን ጥላ ሣሩን ተሻግራ ወደ እሱ ብትሄድ፣ እሱ ራሱ ከሰው አይቆጥራትም። በዚያች እፍኝ ሣር እንዳሰራትና ያሰራትም እያለቀሰ እንደሆነ አየች። አቶ ኤርጫፎ እንባቸው በሱፋቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። ጎንበስ ብለው ከሣሩ ቆንጠር አድርገው ያዙና እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። "ልጄ" ብቻ አሉ። ኖላዊት ሣሩን ተቀበለች፣ አባቷ ደረት ላይ ወደቀች። የሙዝና የሳሙና ሽታቸውን ስታሸት ምን ያህል እንደናፈቋት አወቀች። በዚያው ትንፋሽ ዳልጮን እንዳጣችውም አወቀች። ሁለቱ እንዴት በአንድ ልብ እንደሚገቡ እስከ ዛሬ አልገባትም።

"ተነሣ የኔ ልጅ፣ ተቀመጥ" አሉ አቶ ኤርጫፎ ዳልጮን። "ውኃ ስጡት።"

ወሰንየለሽ ወደ ቤት ገቡ። ቆዩ። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ሞልቷል፤ ሲወጡ ግን እጃቸው ላይ የነበረው ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየ። አቶ ኤርጫፎም አዩ።

ዳልጮ እጁን ዘርግቶ ሊቀበል ሲል ኖላዊት "ቆይ" አለች። ካርቶኗን ፈታች። ዋንጫዋን አወጣች፣ ከእንስራው ቀዳች፣ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው። ዳልጮ ዋንጫዋን አወቃት። አውራ ጣቱን የእናቱ ጣት ባረፈበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ቀብር ላይ ያላለቀሰው ልቅሶ ያኔ መጣ። ግማሹን ጠጥቶ መለሰላት፤ ኖላዊትም አባቷ እያዩ የቀረውን ጠጣች።

እስከ መንገዱ ሸኘችው። ሽማግሌዎቹ ቀደም ቀደም አሉላቸው።

"ልጠይቅ የመጣህ መስሎኝ ልብሴን ይዤ መጥቼ ነበር" አለችው።

"ካርቶኑን አይቻለሁ።"

"ለምን ዳልጮ? እኔ እኮ መርጬህ ነበር።"

"እናቴን ክጄ ነው አንቺን ያገኘሁት" አላት። "አንቺ ደግሞ አባትሽን ክደሽ እኔን ብታገኚ፣ ያ ቤት በምን ይቆማል? እሱም ይቅር። ኖላዊት፣ ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ጉድጓዱ ይታየኛል። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ግን ይታየኛል። ከምጠላሽ ብለይሽ ይሻለኛል።"

"አትጠላኝም።"

"አልጠላሽም። ስለዚህ ነው የምሄደው።"

ሚኒባሱ ቆመ። ጃኬቱን አውልቃ ልትሰጠው ስትል "ደጋ ስትወጪ ይበርድሻል" ብሎ መለሰላት። ደጋ ለምን እንደምትወጣ አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል። የእናቱን መቃብር አደራ ማለቱ ነው።

ሣሩ ሥራውን ሠራ። አቶ ኤርጫፎ በማግስቱ ማኅበራቸውን ይዘው ወጥተው፣ ቢሮ ለቢሮ ሳይሉ፣ የጉድጓዱን ዙሪያ አጥር አስነሡ። ሸክላ ሠሪዎቹ ወደ አፈራቸው ተመለሱ። ኖላዊት ለቤተ መጻሕፍት በሚገባው የመጨረሻው ቅጂ ካርታው ላይ ቦረቦር የሚለውን ሰርዛ "የወይዘሮ ልክነሽ የሸክላ አፈር" ብላ ጻፈች። አማካሪዋ የሰው ስም ለምን አስፈለገ ቢሏት፣ "ቦታው የሚጠራው እንደዚያ ነው" አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ እንደዚያ ትጠራዋለች። ዳልጮ ሩቅ አገር፣ ደን ጥበቃ ላይ ሥራ ይዟል ሲባል ሰምታለች።

ኖላዊት ጫኖ፣ አባቷ ቤት ናት። ማታ ማታ አብረው ራት ይበላሉ፣ ስለ ቦዩና ስለ ሙዙ ያወራሉ፣ ይጸልያሉ። ውኃ የምትጠጣው በዚያች ዋንጫ ነው። ጠጥታ ገበታው ላይ፣ አባቷ እጅ አጠገብ ታኖራታለች። አቶ ኤርጫፎ አንድ ቀንም ከዋንጫዋ ጠጥተው አያውቁም። አንድ ቀንም አንሺያት ብለዋት አያውቁም። ያዩዋትና ዓይናቸውን ወደ ሳህናቸው ይመልሳሉ፤ ኖላዊት ደግሞ አባቷን ትወዳቸዋለች፣ ታዝንባቸዋለችም፣ የታረቀ ሰው ዳግመኛ አይጣላምና ሁለቱንም ዝም ብላ ከውኃው ጋር ትውጣለች።